ጎህ ሳይቀድ

ደሴ ባደግኩበት ሰፈር ላሊበሎች የሚመጡት ጎህ ሳይቀድ ነበር። መጀመሪያ የጎረቤት ውሻ ይጮሃል። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ የሴት ድምፅ ይነሣል፤ ወንዱ ከሥር ሆኖ ይቀበላታል። ሁለቱም ፊታቸውን በጋቢ እንደሸፈኑ ናቸው። አባቴን በስሙ እየጠሩ ያወድሱታል። ስሙን ከማን እንደሰሙ አናውቅም፤ ማታ ጠላ ቤት ጠይቀው ያደሩ ይመስለኛል። እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ በአንድ እጇ ኩራዝ፣ በሌላው እፍኝ ጥሬ ይዛ ትወጣለች። ምርቃቱ ይዘንባል፣ ድምፁም ወደሚቀጥለው በር ያልፋል። አንድ ቀን «ለምን ቀን ላይ አይመጡም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ፀሐይ ሳትወጣ ካላዜሙ ይወጣባቸዋል» አለችኝ። ምኑ እንደሚወጣባቸው በቃል አልነገረችኝም። ቀኝ እጇን አነሣችና ጣቶቿን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አጠፈቻቸው።

ቁምጥና ማለቷ ነበር። ቤት ውስጥ ስሙ አይጠራም። ላሊበላ ወይም ሀሚና በሚባሉት በእነዚህ የዜማ ሰዎች ዘንድ ሥጋ ደዌ በዘር ይወርዳል፣ በማለዳ ዜማና ልመና ግን ይያዛል ተብሎ ይታመናል። ልብ ብሎ ላየው እንግዳ ውል ነው። በሽታው አለ፣ ግን አይታይም። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ጤናውን ግን በየማለዳው እየዞረ ይከፍልበታል። ማዜሙን የተወ ለት ተኝቶ የኖረው ይነሣል። ይህን ነገር ለብዙ ዘመን ረስቼው ነበር። ያስታወሰኝ ወገል ጤና ላይ የጮኸ ስልክ ነው።

ወገል ጤና ስሟ ውስጥ ጤና ያለባት ከተማ ናት። የደላንታ አምባ ላይ ተቀምጣ የበሽሎና የጅጣ ገደሎች ከበዋታል፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ አምባ ነው። ወደ ሰሜን በኮን አድርገው ጋሸና ሲደርሱ መንገዱ ወደ ላስታ ይታጠፋል። ከ2000 ዓ.ም ወዲህ ግን ዓለም የሚያውቃት በኦፓሏ ነው። ወጣቱ ገደሉን ወርዶ፣ ከወፍራም አለት ሥር የተጋደመችውን ስስ ንጣፍ እየተከተለ በእጁ ዋሻ ይቆፍራል። ስንቱ ተንዶበት ቀርቷል። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ልጅም ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነበር።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእመቤቲቱ ስልክ ጮኸ። ተነሥተው ከቁም ሣጥኑ ላይ ብልቃጥ አወረዱ፣ አንዲት ፍሬ ዋጡ፣ ውኃ ጠጡባት። ከእኔ ሊደብቁ አልሞከሩም። «ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ በነጻ መሰጠት እንደተጀመረ ማለት ነው» አሉ። በነጻ መሰጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒቱ የባለ ገንዘብ ነበር፤ ሌላው ሰው የሚቀበርበትን ቀን ይጠብቅ ነበር።

«ሲዲ ፎርዎ ስንት ደረሰ፣ እትዬ?» አልኳቸው፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ቃል እሱ ስለነበር።

ሳቁብኝ። «ሲዲ ፎር የድሮ ነው። አሁን ቫይራል ሎድ ነው። አይታይም ይሉኛል።»

«አይታይም ማለት የለም ማለት ነው?»

«ኧረ ልጄ! ባይኖርማ ለምን ዕለት ዕለት ያስውጡኛል?»

ልጃቸው ጥግ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ምንም ሳይል ከኪሱ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ኦፓል አወጣና ውኃ ካለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣላት። አረንጓዴና ብርቱካናማ እሳት ይርገበገብባት ነበር። ጥቂት ቆይቶ እሳቱ ጠፋ፤ ድንጋይዋም እንደ ብርጭቆው ጠርታ ካልፈለጓት በቀር የማትታይ ሆነች። የወሎ ኦፓል ጠባይ ይህ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፣ ቀለሙም ይሠወራል። «ስትደርቅ ትመለሳለች» አለ ልጁ። እኔን ለማዝናናት ያደረገው ነበር። እናቱ ግን ድንጋይዋን ትክ ብለው ሲያዩ አየሁ።

ስለ ኤች አይ ቪ የተጻፈውን ለዓመታት ሳነብ ቆይቼ ያን ሌሊት ብቻ ነው የገባኝ። ሰውነት በሽታን የሚያሸንፈው በሠራዊት ብዛት አይደለም፤ በመለየት ነው። በላስታ አፈ ታሪክ ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ አልነደፉትም፤ ላሊበላ የሚለውም ስም «ንቦች ጌታነቱን አወቁለት» ማለት ነው ይባላል። የንብ ጥበብ መንደፍ ብቻ እንዳይመስለን፤ ማንን እንደማትነድፍም ታውቃለች። ነጭ የደም ሴሎቻችንም እንዲሁ ናቸው። የራስን ከባዕድ ይለያሉ፤ ባዕዱን ካወቁት አይምሩትም። ከእነርሱ መካከል ሲዲ ፎር የሚባሉት አዋጅ ነጋሪዎቹ ናቸው፤ ጠላት መጣ ብለው ሌሎቹን የሚያስነሡ። ኤች አይ ቪ የሚገባው እነዚህኑ አዋጅ ነጋሪዎች ውስጥ ነው። ገብቶም የራሱን ጽሑፍ በሰውየው ጽሑፍ ፊደል ገልብጦ እዚያው መሐል ይሰፋዋል። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ይለየዋል?

አብዛኞቹ የተያዙ ሴሎች በጥቂት ቀናት ያልቃሉ። ጥቂቶቹ ግን በጦርነቱ መሐል ወደ ዕረፍት ይመለሳሉ፤ ሐኪሞች የማስታወሻ ሴል የሚሏቸው እነርሱ ናቸው። እኔ ወሎዬ ስለሆንኩ የትዝታ ሴል ብላቸው ይቀለኛል። ሥራቸው መታገል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያዩትን ጠላት ለዓመታት እያስታወሱ መተኛት ነው። በልጅነታችን የያዘን ኩፍኝ ዳግመኛ የማይደፍረን በእነዚህ ምክንያት ነው። ቫይረሱ ከእነዚህ በአንዷ ውስጥ ሲያድር ዝም ይላል። ምንም ስለማይሠራ ምልክት አይታይበትም፤ ገዳይ ሴሎች በአጠገቡ ያልፋሉ፣ አያውቁትም። መድኃኒቱም አይነካውም፤ መድኃኒቱ የሚከለክለው መራባትን ነው እንጂ መተኛትን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሦስት የምርምር ቡድኖች ይህን መደበቂያ አገኙት። በኋላም ዕድሜው ተሰላ፤ ግማሹ ለመሟጠጥ 44 ወር ይፈጅበታል፤ በዚህ ሒሳብ ጨርሶ እንዲያልቅ ከ70 ዓመት በላይ መድኃኒት መዋጥ ይጠይቃል። ከሚሊዮን የተኙ ሴሎች አንዷ ብቻ ብትሆን ነው እንዲህ ያለውን እንግዳ የምታሳድረው። አንዷ ግን ትበቃለች።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የትዝታ ሴል የድሮ ጠላቷን ስታገኝ መንቃቷና መባዛቷ ነው፤ የተፈጠረችው ለዚያ ነውና። ስትባዛ የተሰፋባትን ጽሑፍ ለልጆቿ ታወርሳለች፤ አንድም አዲስ ቫይረስ ሳይወለድ መደበቂያው ይሰፋል። የሰውነት ጥሩ ጠባይ፣ አለመርሳቱ፣ ለጠላት ርስት ሆነለት።

እዚህ ላይ ስለ እኛው ስለ ኢትዮጵያውያን ደም አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1980ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ፣ የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ከአዲስ አበባው የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት ሆኖ የአቃቂ ቃጫ ፋብሪካንና የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ሠራተኞች ለዓመታት ይከታተል ነበር። ቫይረሱ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ሲለኩ አማካይ ሲዲ ፎራቸው 775 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ከሆላንዳውያኑ በብዙ ዝቅ ያለ ነው። ገና ያልተነኩት ወጣት ሴሎቻቸውም ጥቂት ነበሩ፤ የነቁትና ለጦርነት የታጠቁት ግን ብዙ። ሰላም በሚባልበት ቀን እንኳ የእኛ ሰው ደም ዘብ ላይ ነው ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እስራኤል አገር ዝቪ ቤንትዊች የተባሉ ሐኪም በዘመቻ ሰሎሞን ጊዜ ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ደም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አይተው ነበር፤ ጥፋተኛው የሆድ ትላትልና ዕለታዊው የተላላፊ በሽታ ውርጅብኝ ነው አሉ። አገር ለቀው፣ ትላቸው ታክሞ፣ ጊዜ ሲያልፍ ደማቸው ረገብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ የእኛው ዳዊት ወልዳይና ባልደረቦቻቸው ትላቸው የጠፋላቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን በደማቸው ያለው ቫይረስ መቀነሱን አሳዩ። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በኋላ ኬንያ ውስጥ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ትል ማከም የበሽታውን ግስጋሴ እንደማያዘገይ ደመደመ። ሌላም አለ። ከፋብሪካ ሠራተኞቹ መካከል ቫይረሱ ሳይይዛቸው ሲዲ ፎራቸው ዝቅተኛ የነበሩት፣ ከተያዙ በኋላ ከሌሎቹ ፈጥነው አልታመሙም። ዝቅተኛ ቁጥር ሁሉ ደካማነት አይደለም። በሌላ አገር ሰው ደም የተሠራ መለኪያ የእኛን ሰው ሲለካ ምን ያህል ጊዜ እንደተሳሳተ ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ታዲያ መዳን አለ? አለ፤ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ድነዋል። የመጀመሪያው ቲሞቲ ሬይ ብራውን ነው፤ በርሊን ውስጥ ለደም ካንሰር የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደረገለት። ሐኪሙ የመረጡለት ለጋሽ ቫይረሱ የሚገባበት በር፣ ሲሲአር ፋይቭ የሚባለው፣ በተፈጥሮ የሌለው ሰው ነበር። ይህ ዓይነቱ ተፈጥሮ በሰሜን አውሮፓ ከመቶ አንድ ሰው ዘንድ ይገኛል፤ በአፍሪካ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ይህ መንገድ ወገል ጤና አይደርስም፤ ደግሞም ለመዳን ሲባል እንዲህ ያለውን ሞት አፋፍ የሚያደርስ ሕክምና ካንሰር ለሌለበት ሰው ማንም አያዝም። የጄኔቫው ሰው ታሪክ ግን ነገሩን ያወሳስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ንቅለ ተከላ የተደረገለት ከተራ ለጋሽ ነው፤ በሩ ያልተዘጋ። መድኃኒቱን ካቆመ በኋላም ቫይረሱ አልተመለሰም። አዲሶቹ የመከላከያ ሴሎች የአሮጌዎቹን ቤት ሙልጭ አድርገው አጽድተውት ይሆን? የሚያድነው በሩን መዝጋት ብቻ ሳይሆን ቤቱን የሚያጠራ ሠራዊት ነው ወደማለት የተጠጋሁት ከእርሱ በኋላ ነው።

ከሁሉ የሚገርሙኝ ግን ያለ ንቅለ ተከላ የዳኑት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ሎሪን ዊለንበርግ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ቫይረሱ እንዳለባት ተነገራት። ሌላዋ አርጀንቲናዊት ናት፤ በከተማዋ ስም ኤስፔራንሳ ይሏታል። የገዛ ሰውነታቸው አሸነፈ። እንደነርሱ ቫይረሱን ያለ መድኃኒት የሚቆጣጠሩት ከመቶ አንድ አይሞሉም። ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ ሰዎችን ሴሎች ሲመረምሩ አንድ ነገር አዩ፤ የቀሩት ቫይረሶች የሚገኙት በሰው ጽሑፍ ውስጥ ምንም በማይነበብበት በረሃ ነው። ሊነቃ በሚችልበት ቦታ የተሰፋውን ሁሉ ገዳይ ሴሎች በዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ ለቅመው ጨርሰውታል። በረሃ የቀረው ቢጮህ የሚሰማው የለም። ቁፋሮ ነው፤ ብረት ሳይያዝ፣ ደም ውስጥ የተደረገ።

ይህን በመድኃኒት ለመድገም የሚደረገው ጥረት ነው የዛሬው ትግል። መጀመሪያ የታሰበው የተኛውን ቀስቅሶ ማስገደል ነበር። እንግሊዞች በ60 ወንዶች ላይ ሞከሩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሰማ ለውጥ የለም ሆነ። መቀስቀሱ ይቻላል፤ ገዳዮቹ ግን ለዓመታት ሲዋጉ ደክመዋል። የደከመ ዘበኛን ቀስቅሰህ ሌባ አሳየኸው ማለት ያዘው ማለት አይደለም። ስለዚህ አሁን ትኩረቱ የተኛውን ከመቀስቀስ ጋር ዘበኛውን ይበልጥ ማበርታት ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ደርባን ላይ 20 ሴቶች የመከላከያ ሴልን የሚያነቃ መድኃኒትና ሁለት ጠንካራ ፀረ እንግዳ አካላት ተሰጥቷቸው የዘወትር መድኃኒታቸውን አቆሙ። ከ20ዎቹ 4ቱ ሙከራው እስኪያልቅ ያለ መድኃኒት ቆዩ። ቫይረሳቸው ሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የእኛም አገር ዋነኛ እርሱ ነው። አራት ሰው ትንሽ ነው። እኔ ግን ዜናውን ሳነብ ከበርሊን ሁሉ ይህ ቀረበኝ።

ከእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ አንድ ነገር አይጎድልም፤ መዳን የሚፈተነው መድኃኒትን በማቆም ብቻ ነው። ደም ቢመረመር፣ ሴል ቢቆጠር፣ ቁርጡ የሚታወቀው ሰውየው መዋጡን ትቶ ሲጠበቅ ነው። ለአብዛኛው ሰው መልሱ በሁለት በሦስት ሳምንት ይመጣል። ሚሲሲፒ የተወለደችው ሕፃን 27 ወር ያለ መድኃኒት ቆይታ፣ ዓለም ዳነች ብሎ ከጨፈረ በኋላ፣ ቫይረሷ እ.ኤ.አ. በ2014 ተመለሰ።

እመቤቲቱ ይህን ፈተና ያውቁታል። በ2013 ዓ.ም ክረምትና በ2014 ዓ.ም መግቢያ ጦርነቱ ላስታንና ደላንታን ሲያምስ መንገዱ ተዘጋ። ደርባን ላይ መድኃኒት ያቆመ ሰው በየጊዜው ደሙ ይለካ፣ ቫይረሱ ከተመለሰም መድኃኒቱ እንደገና ይጀመርለት ነበር። እዚህ የሚለካ አልነበረም። «ብልቃጡን በርበሬ ውስጥ ቀብሬው ነበር» አሉኝ። «አልቆ አለቀ። ከዚያ ጸበሉን ብቻ።»

«ጸበሉንና ኪኒኑን አብረው ነው የሚወስዱት?»

«ምን ያጣላቸዋል? ጳጳሱስ ፈቅደው የለ!» እውነታቸውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ ጸበል የሚጠጣ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ተናግረው ነበር።

«ስንት ቀን ቆዩ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ጦርነት ቀን ያስቆጥራል? መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። ሲስተሯ ውጤቱን አየችና ዝም አለች። ተመልሷል ማለቷ ነው። አብሽሪ እትዬ፣ እንደገና እናስተኛዋለን አለችኝ።» ቆም አሉና ጨመሩ፤ «አስተኛነውም።»

እናስተኛዋለን። ቃሉ የነርሷ ይሁን የእርሳቸው አላውቅም፤ ግን ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ልክ ነው። መድኃኒቱ እሹሩሩ ነው። የሚዘመረውም በየምሽቱ ነው፤ ዘማሪው ጥቂት ሳምንት ቢደክመው ሕፃኑ ይነቃል። ያኔ ነው ላሊበሎቹ ትዝ ያሉኝ፤ ሁለቱ ጋቢ የለበሱ ሰዎች በደሴ ብርድ፣ ውስጣቸው የተኛው እንዳይነቃ እያዜሙለት።

የእነርሱ በሽታ ግን ታሪኩ ሌላ ሆኗል። አዲስ አበባ አለርት ግቢ ውስጥ በ1962 ዓ.ም የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም የተነሣው ሥጋ ደዌን ለማጥናት ነው፤ በተለይም የሰውነትን መከላከያ። ሥጋ ደዌ ለዚህ ጥናት የተሠራ ይመስላል። ባክቴሪያው አንድ ነው። አንዱ ሰውነት አጥር ያጥርበትና ጥቂት የደነዘዙ ነጠብጣቦች ብቻ ይቀራሉ፤ ሌላው ሰውነት ዝም ይለውና በሚሊዮን ይራባል፤ ልዩነቱ ያለው ከተዋጊው ወገን ነው። አብዛኛው ሰው ደግሞ በተፈጥሮው አይያዝም። በዘር ይወርዳል የሚባለውም እንደሚታመነው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሽታው በተጣመሩ መድኃኒቶች ይድናል፤ ዛሬ የሚወሰዱትም ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ነው። ያበቃል። ከዚያ በኋላ ዜማ አያስፈልግም።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ወደ ገደሉ ከመውረዱ በፊት ብርጭቆውን አነሣ፤ ድንጋይዋን አውጥቶ በጨርቅ ጠረጋትና መስኮቱ ጫፍ ላይ አስቀመጣት። «ቀለሟን መልሳ እስክታወጣ ቀናት ይወስዳል» አለ። እናቱ ቡና ይቆሉ ነበር። እኔ መኪና እየጠበቅኩ ደሴ ለእናቴ ደወልኩ። ወግ ወጉን ካወራን በኋላ ላሊበሎች አሁንም ይመጡ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አልፎ አልፎ» አለች። «የዛሬዎቹ ግን ያረፍዳሉ። ባለፈው የመጡት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው።»